የዐረብኛ ቃል ከመዝገበ ቃላት ሲጠፋባችሁ

ዐረብኛ የምትማሩ ወዳጆቼ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆስፒታሎች መግቢያ ላይ የሚጻፈውን «ኢስቲዕላማት» (መረጃ መጠየቂያ) በአሊፍ (በመጀመሪያው የዐረብኛ ፊደል) ሥር ብትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ። ብዙዎቹ መዝገበ ቃላት የሚደረደሩት በሥረ ቃል (ቃሉ በተሠራባቸው መሠረታዊ ፊደላት) ነውና መጀመሪያ በሥሩ ላይ የተጨመሩትን ትርፍ ፊደላት ግፈፉ። እነርሱም ዐሥር ናቸው፤ የጥንት ሰዋስው ሊቃውንት «ሰአልቱሙኒሃ» በምትል አንዲት ቃል ሰብስበዋቸዋል። እንዴት ያለች ድንቅ ዘዴ ናት! ከፊት «ኢስቲ»ን፣ ከኋላ የብዙ ቁጥሩን «ኣት»፣ ከመካከልም አሊፉን ስታነሡ ዐይን፣ ላም፣ ሚም የተባሉት ፊደላት ይቀራሉ፤ ትርጉሙ ማወቅ ነው። «ኢስቲ» ደግሞ መሻትን ስለሚጨምር ቃሉ «ዕውቀትን መሻት» ይሆናል። ዒልም (ዕውቀት)፣ ዓሊም (ሊቅ)፣ ሙዐሊም (መምህር)፣ መዕሉም (የታወቀ)፣ ኢዕላም (መገናኛ ብዙኃን) ሁሉም ከዚሁ ይወጣሉ።

ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ላምና ሚም ከዐሥሩ ቢሆኑም እዚህ የሥሩ አካል ናቸው። ሦስት ፊደል ሲቀር መግፈፉን አቁሙ። «ኢዕላን» (ማስታወቂያ) ደግሞ በኑን ስለሚያልቅ ሥሩ ሌላ ነው።

የኢብን መንዙርን «ሊሳን አል-ዐረብ» የተባለ መዝገበ ቃላት የምትጠቀሙ ከሆነ በሥሩ የመጨረሻ ፊደል ጀምሩ፦ የሚም ክፍልን ክፈቱ፣ በውስጡ ዐይንን፣ ከዚያ ላምን ፈልጉ።