ውሃው ሲጎድል ጨው አትጨምሩበት

እዚህ ባሕር ዳር ከተማ ቤታችሁ የጨው ውሃ አኳሪየም የጀመራችሁ ካላችሁ፣ ለኮራሎቻችሁ (ተክል ለሚመስሉት የባሕር እንስሳት) ስትሉ ይችን ያዙልኝ። በአዲስ ገንዳ ኮራልን በጣም የሚጎዳው የውሃው ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ ነው። በተለይ ጨዋማነቱ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ውሃው በየቀኑ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለውን በተጣራና ጨው በሌለው ውሃ ሙሉ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በጨው ውሃ እየሞላሁ ቆይቼ፣ ኮራሎቹ አንድ በአንድ ተሸብሽበው አልከፈት ሲሉኝ ነው ነገሩ የገባኝ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

መስታወቱ ላይ በማርከር መስመር አስምሩና ጠዋት ጠዋት እሱን እያያችሁ ሙሉ። ልኩ በኪሎ ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ነው፤ በሪፍራክቶሜትር (በጨው መጠን መለኪያ) ይለካል። የወጥ ቤት ጨው አይሆንም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበት የአኳሪየም ጨው ነው የሚያስፈልገው። የጣና ውሃ ቅርባችን ቢሆንም አትቅዱ፣ አልጌ ያመጣባችኋል።

አሞኒያና ናይትራይት (በአዲስ ገንዳ ውሃ ውስጥ የሚፈጠሩ መርዛማ ነገሮች) ዜሮ ሳይሆኑ ኮራል አታስገቡ። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ ታገሱ። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን።

ደግሞ መብራት ይጠፋል። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ያነሰ ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ቶሎ ያልቃል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዝታችሁ ከገንዳው አጠገብ አስቀምጡ፣ ባትሪውንም አስቀድማችሁ ሞክሩት።