የሰፈሩን የጉድጓድ ውሃ ከብክለት እንዴት እንጠብቃለን?

የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት ጉድጓድ ያለው ሰፈር ብዙ ጊዜ «የእኛ ውሃ ንጹህ ነው» ብሎ ይዘናጋል። በእርግጥ የከርሰ ምድር ውሃ በአፈር ተጣርቶ ስለሚወርድ ከወንዝና ከኩሬ ይሻላል። አፈር የሚያጣራው ግን ውሃው ቀስ ብሎ ሲሰርግ ነው። በስንጥቅ ሾልኮ የገባ ጎርፍ እንዳለ ይደርሳል። ስለዚህ ዋናው ሥራ አቋራጩን መድፈን ነው፤ ክሎሪን የመጨረሻው ነው።

1. ክረምት ላይ ዳገቱን ይዙሩ
በበጋ ብዙ አይታይም። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ዝናቡ እንዳባራ ከውሃ ኮሚቴውና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ከጉድጓዱ በላይ ይውጡ፤ ጎርፉ ከየት ተነስቶ የት እንደሚተኛ ይከተሉ። ሽንት ቤት፣ በረት፣ የፍግ ክምር፣ የቆሻሻ መጣያ ካለ በወረቀት ላይ ይንደፉት። ከዚያ ጎርፉን ወደ ጎን የሚቀለብስ ቦይ ከላይ በኩል ይቆፈር፣ ዙሪያውም ይታጠር።

2. ሽንት ቤቱን ያርቁ
የተለመደው መነሻ 30 ሜትር ነው፣ ያውም ከጉድጓዱ በታች በኩል። መሬቱ የተሰነጠቀ ድንጋይ ከሆነ 30 ሜትርም ላይበቃ ይችላል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወለልም በክረምት የከርሰ ምድር ውሃው ከሚደርስበት ከፍታ ቢያንስ 2 ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

የከተማ ሰው ይህ አይመለከተኝም እንዳይል። ውሃዋን ከከርሰ ምድር በምታገኘው ድሬዳዋ በጉድጓዶች ውስጥ ከፍተኛ ናይትሬት (በውሃ ውስጥ የሚሟሟ ኬሚካል) ተገኝቷል፤ አንዱ ምክንያት የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚያ ያለፈው በተለይ በጡጦ ለሚመገቡ ሕፃናት አደገኛ ነው። ማፍላትም አይረዳም፦ ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ይቀራል፣ መጠኑም ይጨምራል።

3. አፉን ያሽጉ
አብዛኛው ችግር ያለው እዚህ ነው። ቁጢጥ ብለው የሲሚንቶውን ወለል ይመርምሩ። ፓምፑ የቆመበት ብሎን ላልቷል? ወለሉ ተሰንጥቋል? ጀሪካን ሲሞላ የሚፈሰው ውሃ ተመልሶ ወደ ፓምፑ ሥር ይሄዳል? ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ ያንን ጭቃ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ትመልሳለች፤ በሲሚንቶ ትደፈን። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ከሆነ የላይኛው 3 ሜትር ግድግዳ ውሃ የማያስገባ መሆን አለበት። የፈሰሰው ውሃ በቦይ ራቅ ብሎ ይሂድ፣ የከብት መጠጫ ገንዳውም ከአጥሩ ውጭ፣ ከታች በኩል ይሁን። ልብስ እዚያው ወለሉ ላይ አይታጠብ (ይህን ማስከበር ከሲሚንቶው ሥራ ይብሳል)።

4. የተተወ ጉድጓድ ቆሻሻ መጣያ አይሁን
ከላይ የተጣለው ሁሉ በቀጥታ ጎረቤት ጉድጓድ ወደሚቀዳበት ውሃ ይወርዳልና። እንዴት እንደሚዘጋ የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት ያማክሩ። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መድኃኒትም በአቅራቢያው አይከማች፣ የመርጫ ዕቃ አይታጠብ።

5. ከጥገና በኋላ ክሎሪን
ጉድጓዱ 1.2 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ቢይዝ 3,400 ሊትር ገደማ ነው። ክሎሪኑን በሊትር 50 ሚሊግራም ለማድረስ 70 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት 240 ግራም ያህል ይበቃል። ጓንት አድርገው፣ ነፋሻ ቦታ፣ በፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ይበጥብጡትና ይጨምሩት። ሽታው በፓምፑ አፍ እስኪመጣ ይቅዱ፣ ሌሊቱን ይደር፤ ጠዋት ሽታው እስኪጠፋ ውሃው ተቀድቶ ከወንዝ ርቆ ይፈሰስ። እስከዚያ ማንም እንዳይጠጣ ፓምፑ ይታሰር።

ከሳምንት በኋላ ናሙና ይመርመር። በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ (ሰገራ ወደ ውሃው መግባቱን የሚያመለክት ባክቴሪያ) ከተገኘ ዳግም ክሎሪን ከመጨመር በፊት ወደ ቁጥር 1 ይመለሱ፤ የሚገባበት ቀዳዳ ገና አልተደፈነም። ቀዳዳው ተገኝቶ እስኪደፈን ድረስ የመጠጡ ውሃ ይፈላ ወይም «ውሃ አጋር» በተባለው የውሃ ማከሚያ ይታከም።