ለጤና ላይብረሪ ሠራተኞች፦ ሥልጠና እስኪመጣ አትጠብቁ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በጤና ኮሌጅ ወይም በሆስፒታል ላይብረሪ የምትሠሩ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሥልጠና ደብዳቤ ከላይ እስኪመጣ፣ አበሉ እስኪፈቀድ ዓመቱ ያልቃል።

መጀመሪያ ሂናሪን ያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፤ የሕክምና ጆርናሎችንና መጻሕፍትን ያስነብባል፣ ኢትዮጵያም በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች አንዷ ናት። መግቢያው የሚሰጠው ለተቋም ስለሆነ የይለፍ ቃሉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። ብዙ ቦታ አንድ ሰው ብቻ ያውቀዋል፣ እሱ ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል፤ ይኼ በጣም ያናድዳል። ሂናሪን ያቀፈው ሪሰርች ፎር ላይፍ ነፃ የኦንላይን ሥልጠናም አለው። ኔትወርኩ ማታ ሻል ካለላችሁ ማታ ውሰዱት።

ሰው መተዋወቁ ግን ከዚህ ይበልጣል። ጠረጴዛችሁ ላይ ቁጭ ብላችሁ ሐኪም አይመጣላችሁም። ኃላፊውን አስፈቅዳችሁ ሐኪሞቹ ስለ ታካሚዎች በሚወያዩበት የጠዋት ስብሰባ (ሞርኒንግ) ላይ ከኋላ ተቀመጡ፣ መልስ ያጣ አንድ ጥያቄ ስትሰሙ ፐብሜድ በሚባለው ነፃ የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ፈልጋችሁ ሁለት ሦስት ጥሩ ጽሑፍ በቴሌግራም ላኩላቸው። በሜሽ ቃላት፣ ማለትም ፐብሜድ ጽሑፎችን በርዕስ በሚመድብባቸው መደበኛ ቃላት ፈልጉ፣ ውጤቱ ይጠራል። በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸው ይደውላሉ፤ የማኅበረሰብ ጤና ተመራቂዎችም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ይከተሏችኋል።

ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። ላይብረሪያኖቹ ተደዋውላችሁ ቅዳሜ ቡና ጠጡ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፣ አንዱ ጋ የሌለውን ጽሑፍ ሌላው ይፈልግ። ከአገር ውጭ ካሉ የሙያ ባልደረቦች ጋር ለመተዋወቅ አሂላ የሚባለውን የአፍሪካ የጤና መረጃና ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ተመልከቱ።