ለሐኪም የማይነገረው ክሬም

ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዛችሁ፣ ሐኪሙ የምትወስዱትን መድኃኒት ሲጠይቃችሁ ፊት የሚያቀላውን ክሬምም ጥቀሱ። እንደ ተራ ቅባት ስለምናየው ብዙ ሰው አያነሳውም። ቱቦውን ገልብጡና ደቃቁን ጽሑፍ አንብቡ። «ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ» የሚል ካለ በእጃችሁ የያዛችሁት እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት የስቴሮይድ (የቆዳ ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ቅባቶች አንዱን ነው። ኮላጅን የተባለውን፣ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ፕሮቲን የሚሠሩትን የቆዳ ሕዋሳት ያዳክማል፤ ቁስል የሚገጥመው ደግሞ በኮላጅን ነው። ለወራት የተቀባ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፣ ስፌት አልይዝ ሊል፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል።

ቱቦው ላይ የተጻፈው ሃይድሮኪኖን የተባለው ሌላው ማቅያ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፦ ሜላኒን የተባለውን የቆዳ ቀለም የሚያመርተውን ኤንዛይም ያግዳል። ለዓመታት ሲቀባ ግን ጉንጭ ላይ ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። ለማቅላት ተገዝቶ ማጥቆሩ!

ስቴሮይዱን ለረጅም ጊዜ ከተቀባችሁ በአንድ ቀን አታቋርጡት፤ ፊት ፍም መስሎ ሊያቃጥል ይችላል። ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሳችሁ። ጽሑፍ የሌለው፣ ተቀላቅሎ በብልቃጥ የሚሸጥ ዓይነት ከሆነ ብልቃጡን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።