የዓሣ መስታወቱን ቀንድ አውጣ ሲወርረው፦ ችግሩና መፍትሄው

ጠዋት መጋረጃውን ስትከፍቱ የመስታወቱ ግድግዳ ምስር በሚያካክሉ ቀንድ አውጣዎች ተነጥቦ ታገኙታላችሁ። ከወር በፊት አንድም አልነበረም። ደሴ ውስጥ ሳሎናቸው ዓሣ የሚያሳድጉ ጎረቤቶቼ ከሁሉ አብልጠው የሚጠይቁኝ ስለዚህ ነው፤ ጥያቄውም ዘወትር «በምን ልግደላቸው?» የሚል ነው። እኔ ደግሞ አስቀድሜ «የሚቀልባቸው ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ድንገት ከበዙ

አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ከውሃ ተክል ጋር ነው። ቅጠሉን ገልብጣችሁ በእጅ ባትሪ እዩት። የተዘፈዘፈ ተልባ የመሰለ ዝልግልግ ጠብታ ተለጥፎ፣ በውስጡ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ። እነዚያ ነጥቦች እንቁላሎች ናቸው፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይፈለፈላሉ። ብዙዎቹ ዝርያዎች ወንዴነትንና ሴቴነትን በአንድ አካል የያዙ ስለሆኑ አንድ ብቻ ከገባ ለመራባት ይበቃል።

ይሁን እንጂ የሚያበዛቸው መግባታቸው ሳይሆን የተረፈ ምግብ ነው። በእኛ አገር ቤት ቡና ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ ለአቦል የመጣ እንግዳ ቆንጥሮ ይጥላል፣ ለቶና የደረሰም እንዲሁ፣ ልጆቹም ዳቦ ይፈረፍራሉ። ዓሣዎቹ ያልበሉት ጠጠሩ ውስጥ ይገባና የቀንድ አውጣ ቀለብ ይሆናል።

ስለዚህ ምግቡን የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ዓሣዎቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ይስጥ፤ ያደጉ ዓሣዎች በሳምንት አንድ ቀን ቢጾሙም አይጎዱም። በየሳምንቱ የጠጠሩን ጉድፍ በቱቦ እየሳባችሁ ከውሃው ሩቡን ለውጡ። ከዚህ ጎን ለጎን ማታ መብራቱን ስታጠፉ በፈላ ውሃ የለዘበ የሰላጣ ቅጠል በድንጋይ አስራችሁ ወደ ታች አስቀምጡ። ጎህ ሳይቀድ ቅጠሉን ቀስ አድርጋችሁ ስታወጡት ስሩ በቀንድ አውጣ ተሸፍኖ ይመጣል። ሁለት ሳምንት ሳትሰለቹ ደጋግሙት። ፈጽሞ አይጠፉም፤ ጥቂት ቢቀሩ ግን አልጌና የበሰበሰ ቅጠል እየበሉ ይጠቅሟችኋል።

ሁሉም ወደ ውሃው አፍ ከወጡ

እዚህ ላይ ዝርያውን መለየት ያስፈልጋል። ቅርፊታቸው ክብ ወይም ጠፍጣፋ የሆኑት አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት ልማዳቸው ነው። እንደ ሾጣጣ ቀንድ የረዘሙት፣ ቀን ቀን አሸዋ ውስጥ የሚቀበሩት ግን እንደ ዓሣ በስንጥብ የሚተነፍሱ ናቸው። እነዚህ በቀን በጅምላ ወደ ላይ ከተሰደዱ ውሃው ታሟል፤ ኦክስጅን አንሷል ወይም አሞኒያ በዝቷል ማለት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል። ሌሊት መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ከቆመ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል።

ወዲያውኑ የውሃውን ሲሶ ለውጡ፤ የምትጨምሩት ክሎሪኑ እንዲወጣለት አፉን ከፍታችሁ አንድ ቀን ያሳደራችሁት ውሃ ይሁን። የዚያን ዕለት ምግብ አትስጡ። መብራት እስኪመጣ ድረስ ውሃውን በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አንቆርቁሩት።

ቅጠሉ ተበስቶ ከታየ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ እነርሱ የሚበሉት ቀድሞ መበስበስ የጀመረውን ነው። ያንን ቅጠል ቆርጣችሁ ጣሉት።

መርዝ ለመጨመር ካሰባችሁ

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ወጣት በሬን አንኳኳ፤ «ጋሼ፣ እንዶድ ቀንድ አውጣ ይፈጃል ሲሉ ሰምቼ ትንሽ ጨመርኩበት» አለኝ። ስንደርስ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነበር፤ አምስቱ ወርቃማ ዓሣዎችም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። የሰማው እውነት ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ በየትኛውም መጠን መስታወታችሁ ውስጥ አታድርጉት። መዳብ ያለበት መድኃኒትም ቢሆን ቀንድ አውጣዎቹን ሁሉ በአንድ ሌሊት ይገድልና ሬሳቸው በስብሶ ውሃውን በአሞኒያ ይመርዘዋል።

ተክሉ ከሐይቅ ወይም ከቦርከና ወንዝ የመጣ ከሆነ

ይህን በጥብቅ እለምናችኋለሁ። በከሚሴና በሐይቅ ከተማ አካባቢ ቢልሃርዚያ የሚባል የጥገኛ ትል በሽታ አለ። የአንጀቱን ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠመጠመ ቀንድ አውጣ ነው። ተሐዋሲው ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይዋኝና በቆዳ በኩል ሰው ውስጥ ይገባል። ዋኚው ተሐዋሲ ሰው ካላገኘ በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል፤ የተያዘው ቀንድ አውጣ ግን ለሳምንታት ሌላ እያመረተ ይለቃል። በመስታወታችሁ ከእንቁላል የተፈለፈሉት ንጹሕ ናቸው፤ በሽታው በእንቁላል አይተላለፍምና።

ከወንዝ የመጣ ተክል ውስጥ ቀንድ አውጣ ካያችሁ በባዶ እጅ አትንኩት። ጓንት አድርጋችሁ ልቀሙና የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ተክሉን አንድ እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ለሁለት ደቂቃ ንከሩት፤ ለስላሳ ቅጠል ያለውን ሊያቃጥለው እንደሚችል ግን እወቁ። ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። እንቁላል ሊተርፍ ስለሚችል ለአንድ ወር በተለየ ባልዲ አቆዩት። እጃችሁን ቀድማችሁ ተክሉ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ከነበረ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራ አስመርምሩ፤ ቀድሞ ቢታይ የተሐዋሲው እንቁላል ላይገኝ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ የሚወሰደውም የጤና ባለሙያው በሚያዘው መጠን ነው።