ስልክ የማይነሳበት የሚና ጨዋታ ምሽት እንዴት እንደሚዘጋጅ

ማኅበራዊ ሚዲያ የሰለቸው የጓደኛ ስብስብ «ዛሬ ስልክ የለም» ብሎ ይጀምራል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ስክሪን ይበራል። ስልኩን መሰብሰብ ብቻውን አይፈታውም። ሰው ስልክ የሚያነሳው ሥራ ሲፈታ ነውና።

በጠረጴዛ ሚና ጨዋታ አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ የታሪኩን ሰዎች ሆነው ይወስናሉ፣ አጠራጣሪውን ዳይስ ይፈርዳል። በ1974 እ.ኤ.አ. የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የዚህ ጨዋታ አባት ነው። ደንቡ ግን ለመጀመሪያ ምሽት ይበዛል፣ ባለ 20 ጎን ዳይስም ይፈልጋል። ሁለት የሉዶ ዳይስ፣ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ከተራኪው ሌላ 3 ወይም 4 ሰው ጥሩ። ስድስት ተጫዋቾች ኖረው አንዱ ተራ 3 ደቂቃ ከፈጀ፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ይጠብቃል። አራት ሆናችሁ ተራው በ1 ደቂቃ ካለቀ ግን ጥበቃው 3 ደቂቃ ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ተጫዋች ሆኖ የሚጫወተውን ሰው ስም፣ ሥራና አጠገቡ ከተቀመጠው ሰው ጋር ያለበትን ዕዳ ወይም ቂም ይጻፍ። ከዚያ ለጉልበት፣ ለብልሃትና ለአንደበት +2፣ +1 እና 0 እንደፈለገ ያከፋፍል። ከ10 ደቂቃ በላይ አይፍጅ።

ታሪኩን ከችግሩ መሐል ጀምሩ። ለምሳሌ ተጫዋቾቹ አሞሌ ጭነው ከአፋር ቆላ ወደ መቀሌ የሚወጡ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። ሊነጋ ሲል የውኃው እርኮት ባዶ ነው፤ ቀዳዳው የቢላ ነው።

ዳይሱ ላይ ብዙ ጨዋታ ይበላሻል። የሚጣለው መሳካቱም መክሸፉም ታሪኩን የሚቀይር ሲሆን ብቻ ነው፤ ግመል ለመጫን ዳይስ አይጣልም። ሁለቱን ጥላችሁ በድምሩ ላይ ለሙከራው የሚስማማውን የጉልበት፣ የብልሃት ወይም የአንደበት ነጥባችሁን ጨምሩ፦ 10 እና ከዚያ በላይ ይሳካል፣ ከ7 እስከ 9 ይሳካል ግን ያስከፍላል፣ 6 እና ከዚያ በታች ይከሽፋል። 0 ያለው ሰው ከ36 አጋጣሚ በ15ቱ ይከሽፋል፤ +2 ያለው በ6ቱ ብቻ።

ጀማሪ ተራኪ የአንዱ ተጫዋች ሙከራ ሲከሽፍ «አላገኘህም» ብሎ ዝም ይላል። ቀጣዩ ተጫዋች ያንኑ ይሞክራል፣ ሦስተኛውም ይደግማል፣ ታሪኩ ባለበት ይቆማል፤ ስልክ የሚወጣው ያኔ ነው። መክሸፍ አዲስ ነገር ማምጣት አለበት። ዱካ ፍለጋ የወጣው ከከሸፈበት፣ ሲመለስ አንድ ግመል የለም። 8 ከመጣለት ዱካውን ያገኛል፤ ግን የያዘው ችቦ ለሌላውም ወገን ታይቷል። ክፍያው በቅጽበት ስለማይታሰብ ተራኪው «ጊዜ፣ ውኃ፣ ገንዘብ፣ አመኔታ» ብሎ ወረቀቱ ጥግ ላይ ይጻፍና ከነዚህ አንዱን ይንጠቅ።

ስልኮቹ ሌላ ክፍል ይቀመጡ። ልጅ ቤት ትቶ የመጣ ወይም የሥራ ተረኛ ካለ የእሱ ስልክ ድምፅ ክፍት ይሁን፤ አለበለዚያ ሐሳቡ እዚያው ነው። የዳይስ አፕሊኬሽን አይጠቅምም፣ ስልኩን መልሶ እጅ ላይ ያስቀምጠዋል።

የሁለት ሰዓት ተኩል ጨዋታ ከበቂ በላይ ነው። የቀጣዩን ጨዋታ ቀን ሳትነሱ ቁረጡ፤ ለቴሌግራም ግሩፕ የተተወ ቀጠሮ በ«እናያለን» ይቀራል። አንድ ሰው ቢቀርም ተጫወቱ፤ የእሱ ገጸ ባሕሪ ያን ምሽት ግመል ይጠብቅ።