ማሽን የጻፈውን ኮድ ከሊንተር እንዴት እናስወጣለን?

የድሬዳዋ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ጉልበት ይጨርሳል። በዚያ ሰዓት ሊንተር (ኮድ ፈትሾ ስህተት የሚጠቁም መሣሪያ) ስክሪን ሙሉ ስህተት ሲያወርድባችሁ፣ ያውም እናንተ ባልጻፋችሁት ኮድ ላይ፣ ትዕግሥት ያልቃል። ከዚራ ሰፈር ባለችው ቢሯችን እዚሁ ድሬዳዋ ላለው የታይዋን ገበያ ሱቆች የዕቃ መመዝገቢያ ስንሠራ የገጠመን ይኸው ነው። ስህተቱ ሁሉ ፕሮቶባፍ (የዳታን ቅርጽ ከሚገልጽ የፕሮቶ ፋይል ኮድ የሚያመነጭ መሣሪያ) ካመነጫቸው የፓይተን ፋይሎች የመጣ ነበር። እነሱን በእጅ ማሳመር ከንቱ ድካም ነው። ነገ እንደገና ሲመነጩ የዛሬው ልፋት ይጠፋል።

የምጽፈው ራፍ ስለሚባለው የፓይተን ሊንተር ነው። ፈጣን ነው፣ አንድ ማዋቀሪያ ፋይል ይበቃዋል። ኮድ የሚፈትሸውን ፍሌክ8ንና ኮድ የሚያሰናዳውን ብላክን ለየብቻ ከማስተዳደር እሱን እመርጣለሁ።

1. የሚመነጩትን ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡ። የፕሮቶባፍ ፋይሎች ስማቸው በ«ፒቢ2» ያልቃል፣ አናታቸው ላይም አትንኩ የሚል ኮመንት አለ።

2. ፓይፕሮጀክት በሚባለው የቶምል ፋይል፣ ራፍ ክፍል ሥር፣ «ኤክስቴንድ-ኤክስክሉድ» ብላችሁ የፎልደሩን ስም አስገቡ። «ኤክስክሉድ» ብቻ ካላችሁ ራፍ ከመጀመሪያው ይዞት የመጣው የማይፈተሹ ፎልደሮች ዝርዝር ይሰረዛል፤ በጊትኢግኖር (ጊት የሚዘላቸው ፋይሎች ዝርዝር) ካልተሸፈነ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቱን (የፕሮጀክቱ ላይብረሪዎች የሚጫኑበትን ፎልደር) ሳይቀር መፈተሽ ይጀምራል። ስሙንም ጠበቅ አድርጉት። «ጄን» ብላችሁ ኮከብ (*) ከጨመራችሁበት «ጄኔራል» የሚባለው የራሳችሁ ፎልደርም አብሮ ይወጣል።

3. እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ፋይሉን ብታስወጡትም በስሙ ጠርታችሁ ከሰጣችሁት ራፍ ይፈትሸዋል። «ይሄን እይልኝ» ብላችሁታልና ያያል። ችግሩ፣ ከኮሚት (ለውጡን ጊት ላይ ከመመዝገብ) በፊት የሚሮጡ ስክሪፕቶች የሚያደርጉት ልክ ይህንኑ ነው። የተቀየሩትን ፋይሎች ስም ለራፍ ያቀብላሉ።

እኔ የራሴን ስክሪፕት ጽፌ፣ ስህተቱን ራሱ እንዲያርም «ፊክስ» የሚለውንም ጨምሬበት ነበር። ራፍ ከተመነጨው ፋይል ውስጥ ማንም አይጠቀምበትም ያለውን ኢምፖርት (ሌላ ፋይል የሚጠራ መስመር) ሰረዘ። ያ ኢምፖርት ግን ሥራ ነበረው። ሲጫን ሌላውን የፕሮቶ ፋይል ያስመዘግባል። እሱ ሲጠፋ ሰርቨሩ ገና ሲነሣ፣ የሚያስፈልገው ፋይል አልተጫነም ብሎ ወደቀ። እኔ ደግሞ ፋይሉን ከፍተሻ አውጥቼዋለሁ ብዬ ስለማምን እዚያ መፈለግ አልታሰበኝም። ዳታቤዙን፣ ኔትወርኩን፣ ቨርዥኑን ስፈትሽ አነጋሁ። ጠዋት ለውጡን የሚያሳየውን ጊት ዲፍ ስከፍት የጠፋችው አንዲት መስመር ናት። ባለሱቆቹ ሱቃቸውን ከፍተው እኛን ይጠብቁ ነበር። እስካሁን ሳስበው ይከብደኛል።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። እዚያው ራፍ ክፍል ሥር «ፎርስ-ኤክስክሉድ»ን «ትሩ» አድርጉት። የራፍ የራሱ የፕሪ-ኮሚት ሁክ (ከኮሚት በፊት የሚሮጥ ዝግጁ ስክሪፕት) ይህን ይዞ ይመጣል፤ እንደ እኔ ስክሪፕት የምትጽፉ ከሆነ ግን አትርሱት። ብላክ ላይም በዚሁ ስም የሚጠራ ማዘዣ አለ፣ እዚያ የሚጻፈው ግን «ትሩ» ሳይሆን የፋይሎቹ ስም ፓተርን ነው።

4. ሳታረጋግጡ አትለፉ። «ራፍ ቼክ» ብላችሁ «ሾው-ፋይልስ» ስትጨምሩ የሚፈትሻቸውን ፋይሎች ይዘረዝርላችኋል። ከዚያ አንዱን የተመነጨ ፋይል በስሙ ጠርታችሁ ፈትሹ። የፓይተን ፋይል አላገኘሁም ካለ ተሳክቷል።

የጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) ማይግሬሽንን፣ ማለትም ዳታቤዝ የሚቀይሩ ፋይሎችን፣ ግን ሙሉ በሙሉ አታስወጡ ባይ ነኝ። አብዛኛውን ማሽን ቢጽፈውም ዳታ የምናዛውርበትን የምንጽፈው ራሳችን ነን። እዚያ የተሳሳተች መስመር የደንበኛን መዝገብ ታበላሻለች። «ፐር-ፋይል-ኢግኖርስ» በሚለው የመስመር ርዝመቱን ደንብ ብቻ አንሡላቸው፣ የቀረው ፍተሻ ይቀጥል።